የጋራ መጋዝ

ለራሱ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚመካከረው ከፍላጎቱና ከኪሱ ጋር ብቻ ነው። ጫማው ቢጠብበው የሚላጠው የራሱ ተረከዝ፣ ካፖርቱ ቢሳሳበት የሚበርደው የራሱ ገላ ነው። ለብዙዎች የሚሆን ዕቃ የሚመርጥ ሰው ግን በሌሎች ገንዘብ፣ በሌሎች ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜም በሌሎች አካል ላይ ይወስናል። ስለዚህ የጋራ ዕቃ መምረጥ ከገበያ ሥራ ይልቅ ለዳኝነት ሥራ የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነት ያሳደረብኝ ያነበብሁት መጽሐፍ ወይም የተማርሁት ትምህርት አይደለም፤ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ነው።

አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያልፍባታል። አካባቢው ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ደጋማ አገር ነው። በየማሳው ዳርና በየግቢው አጥር የሚታየው ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ዛሬ ግን በዚያ አገር ቤት የሚቆመው፣ በር የሚሠራው፣ አልጋ የሚገጠመው በአመዛኙ በእርሱ ነው። ስለዚህም እንጨት ሠራተኛ በአምበር ሥራ አያጣም።

በከተማዋ ጠርዝ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ሰፊ የሥራ ቤት ነበር። በ2011 ዓ.ም. በዚያ ቤት 12 ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ይሠሩ ነበር። ከእነርሱም አምስቱ በአንድ ወቅት በክፍል ውስጥ ያስተማርኋቸው ናቸው። ገሚሶቹ በርና መስኮት፣ ገሚሶቹ አልጋና ቁም ሣጥን፣ ሁለቱ ደግሞ የትምህርት ቤት ዴስክ ይሠራሉ። አንዲት ወጣት ዘመናዊ የንብ ቀፎ ትሠራለች። አንድ ወጣት ለሱቆችና ለመሥሪያ ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ያዘጋጃል። ሁሉም የየራሳቸው መላጊያ፣ መሮና መዶሻ ነበራቸው። መጋዙ ግን የጋራ ነበር። ከቤቱ መካከል የቆመውና እነርሱ «ሰርኩላር» የሚሉት ክብ መጋዝ ሳይዞር የማንም ሥራ አይጀመርም ነበር።

ክረምቱ እንደ ገባ ይህ መጋዝ ቆመ። ከደብረ ማርቆስ የተጠራው መካኒክ ፈትቶ አየውና ሞተሩ መቃጠሉን፣ ኩሽኔታው ማለቁን፣ መጋዙ የሚታሰርበት ዘንግም መጣመሙን ነገራቸው። ሞተሩን ማስጠቅለል ይቻል ነበር፤ ሆኖም የተጣመመ ዘንግ የሚያዞር አዲስ ሞተር ለላም በሬ ቀንበር እንደ መስጠት ነው። ሌላ ማሽን መግዛት ግድ ሆነ።

ከዚህ ሌላ በዚያ ቤት ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን የማያነሣው አንድ ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከማኅበርተኞቹ አንዱ በዚያው መጋዝ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጥቷል። መጋዙ መከለያ አልነበረውም። ሲገዛ ኖሮት እንደ ሆነ የሚያስታውስ ሰውም አልነበረም። ከአደጋው ወዲህ ልጁ ወደ መጋዙ አይጠጋም፤ የሌሎችን ሥራ እያለሰለሰና ቫርኒሽ እየቀባ ከሚያገኙት ያካፍሉታል።

አንድ ቀን ገንዘብ ያዡ ቤቴ መጣና «መምህር፣ አንዳችን የሌላችንን ቃል መስማት አቅቶናል፤ እርስዎ መጥተው ቢሸመግሉን» አለኝ። እኔ የእንጨት ሥራ ባለሙያ አይደለሁም። የተፈለግሁትም ስለ መጋዝ እንዳስተምር ሳይሆን ጥያቄ እንድጠይቅና መልሱን እንዳዳምጥ ነበር። መምህር የሆነ ሰው ደግሞ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይልቅ ይህን ለምዶታል።

በስብሰባው ሦስት ሐሳቦች ቀረቡ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከአዲስ አበባ አገልግሎት ላይ የዋለ «ኮምባይን» ይገዛ የሚል ነበር። ይህ ማሽን መጋዙንም መላጊያውንም በአንድ አካል የያዘ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበቱም ከፍተኛ ነው። መከለያ ግን የለውም። ሐሳቡን ያቀረበው በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነ አናጢ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ደገፉት።

ሁለተኛው ሐሳብ አዲስ የጠረጴዛ መጋዝ ይገዛ የሚል ነበር። ይህኛው መከለያ፣ ቀጥ ያለ ጠንካራ መምሪያ ብረትና የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ አለው። መላጊያ የለውም፤ ዋጋውም ከአሮጌው በእጥፍ ይበልጣል። ይህን ያቀረበችው ቀፎ የምትሠራው ወጣት ናት።

ሦስተኛው ሐሳብ ከሁሉም የተለየ ነበር። የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራው ወጣት በአዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ በሌዘር የሚቆርጥ ማሽን አይቶ ተደንቋል። «ጥርስ የለው፣ ጩኸት የለው፤ በኮምፒዩተር የሣልኸውን ፊደል እንደ ቅቤ ቆርጦ ያወጣዋል። እስከ መቼ በመጋዝ እንኖራለን?» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄው ሊሳቅበት የሚገባ አልመሰለኝም።

ሌዘር ምን እንደ ሆነ ባጭሩ መግለጥ ይጠቅማል። ሌዘር በአንድ አቅጣጫና በአንድ ዓይነት የሞገድ ርዝመት ተስማምቶ የሚጓዝ ብርሃን ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር በሩቢ ድንጋይ አማካይነት ያሠራው ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 ነው። በ1964 ደግሞ ኩማር ፓቴል የተባለ በህንድ የተወለደ ሳይንቲስት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን ሌዘር ፈለሰፈ። ዛሬ በትንንሽ የሥራ ቤቶች እንጨት፣ ቆዳና ፕላስቲክ የሚቆርጡት አብዛኞቹ ማሽኖች የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ሌዘር ነው። ብርሃኑ በመስተዋት ተመርቶና በሌንስ ተሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ዕቃውን አቃጥሎ ያተንነዋል፤ መቁረጥ የምንለውም ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ ማሽኑ የራሱ ወሰን አለው። በትንንሽ የሥራ ቤቶች የሚገኘው ሌዘር ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ኮምፔልሳቶ አሳምሮ ይቆርጣል፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የባሕር ዛፍ ጣውላ ግን አያልፈውም። የሚያቃጥል በመሆኑ ጢስ የሚያወጣ ማራገቢያና እሳት የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ ከተቆረጠበት ለሳንባ የሚጎዳ፣ ብረቱንም የሚበላ የአሲድ ጋዝ ይወጣል። የብርሃኑ ምንጭ የሆነው የመስተዋት ቱቦ በውኃ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሲያገለግል ቆይቶም ያልቃልና ይለወጣል። ስለዚህ ሌዘር መጋዝን የሚተካ መሣሪያ አይደለም፤ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ነው።

ክርክሩ ሲጋጋል «የማን ሐሳብ ይሻላል?» የሚለውን ትተን «ምን እንቆርጣለን?» ከሚለው ጥያቄ እንድንጀምር ሐሳብ አቀረብሁ። ማኅበሩ የትእዛዝ ደብተር ነበረው። ያለፈውን ዓመት ትእዛዝ በሙሉ አንድ በአንድ አወጣንና እንጨቱን በዓይነቱ፣ በውፍረቱና በብዛቱ በሰንጠረዥ አስፍረን ቆጠርን። ሥራው ሁለት ምሽት ፈጀ። ከዚያ በኋላ የክርክሩ መልክ ተለወጠ። ከአሥር ቁራጭ ዘጠኙ የባሕር ዛፍ፣ የጽድና የግራቪሊያ ጣውላ ሆኖ ተገኘ። ለማስታወቂያ የሚሆነው ስስ ኮምፔልሳቶ እጅግ ጥቂት ነበር። ሰሌዳ ሠሪው ወጣት ቁጥሩን ራሱ ደምሮ ራሱ አነበበው። ማንም አልተከራከረውም፤ እርሱም ከማንም ጋር አልተከራከረም።

ደብተሩ ሌላም ነገር ነገረን። የቀፎ ሥራ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄዷል። ቀፎ ደግሞ እንደ በር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ ንቦች በቀፎ ውስጥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ለመተላለፊያ እንደሚተዉ አስተዋለ። ክፍተቱ ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ከሰፋም የማር እንጀራ ይጋግሩበታል። በሁለቱም ጊዜ ክፈፎቹ ተጣብቀው አይወጡም፤ ቀፎው ዘመናዊ መሆኑ ይቀርና እንደ ባህላዊው ቀፎ ማሩ የሚቆረጠው በቢላዋ ይሆናል። ስለዚህ ወጣቷ የምትፈልገው ጉልበተኛ መጋዝ ሳይሆን ሚሊ ሜትር የማያዛንፍ መጋዝ ነበር። ክፈፍ ደግሞ ከቀጫጭንና ከአጫጭር እንጨት የሚሠራ በመሆኑ እጅን ወደ መጋዙ ጥርስ እጅግ ያቀርባል።

ሁለተኛው ጥያቄ «በምን ኃይል ይሠራል?» የሚለው ነበር። የቤቱ መስመር ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ነው። የሦስት ፌዝ ሞተር ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ካላቆሙት ይቃጠላል። የአሮጌው መጋዝ ፍጻሜም ይኸው ነበር። በተጨማሪም ሠራተኛው መስመሩን ሲያገናኝ ሁለት ሽቦዎችን ካለዋወጠ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ወደ ኋላ የሚዞር መጋዝ ደግሞ ያልተጠበቀ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ የሚገዛው ማሽን ምንም ይሁን ምን ፌዝ ሲጎድል የሚያቋርጥ መከላከያ እንዲገጠምለት ተስማማን።

መብራት የመሄዱም ነገር ተነሣ። መጋዝ እየዞረ መብራት ቢሄድ ሠራተኛው ቁልፉን ሳያጠፋ ሊተወው ይችላል። መብራቱ ሲመለስ መጋዙ በራሱ ይነሣል። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው ጥርሱን እያጸዳ ወይም እንጨት እያነሣ ቢሆንስ? ለዚህ መድኃኒቱ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋ፣ ሰው ዳግመኛ ካልተጫነው የማይነሣ ማብሪያ ነው። አዲሱ ማሽን ይህ ዓይነት ማብሪያ ነበረው፤ አሮጌው ኮምባይን አልነበረውም። ማብሪያውን ግን ለብቻ ገዝቶ መግጠም ይቻል ስለ ነበረ ይህ ብቻውን ውሳኔ አልሰጠም።

ሦስተኛው ጥያቄ «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» የሚል ነበር። በዚህ ጥያቄ ያሸነፈው አሮጌው ነው። ሽማግሌው አናጢ «ይህን ኮምባይን ደብረ ማርቆስ ያለ መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ አዲሱን ግን ማን ያውቀዋል?» አሉ። እውነት ነበር። ስለዚህ ሁለት ማኅበርተኞች ከአዲሱ ማሽን ሻጭ ዘንድ ሄደው ሦስት ነገር እንዲያጣሩ ተላኩ፦ ኩሽኔታውና ቀበቶው በገበያ የሚገኝ ልክ መሆኑን፣ መጋዙ የሚገባበት ቀዳዳ ከተለመደው 30 ሚሊ ሜትር ጋር መስማማቱን፣ ሞተሩም በተራ ጠቅላይ ሊጠቀለል የሚችል መሆኑን። ሦስቱም መልካም ሆነው ተገኙ። ያን ጊዜ የሽማግሌው ጥያቄ ተመለሰ እንጂ አልተሸነፈም፤ ባይጠይቁት ኖሮ የሚያጣራው አልነበረምና።

አራተኛው ጥያቄ «ማንን ይጎዳል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣሁት እኔ አይደለሁም። ያነሣው ጣቶቹን ያጣው ልጅ ነው።

ክብ መጋዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1777 በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት የተሰጠበት መሣሪያ ነው። አደጋውም የዚያኑ ያህል የቆየ ነው። ዲያሜትሩ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ መጋዝ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ተማሪዎች ይህን በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። እንጨት እየተሰነጠቀ ሳለ ውስጡ ያለው ውጥረት ተፈትቶ መጋዙን ከኋላ ሊነክሰው ይችላል፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ይህ ጠባይ አለው። ያን ጊዜ የሚነሡት የኋላ ጥርሶች እንጨቱን አንሥተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል፤ እጁም በእንጨቱ ተስቦ ወደ ጥርሱ ይሄዳል። ከመጋዙ ጀርባ የሚቆም ቀጭን የብረት ምላስ የተሰነጠቀው እንጨት እንዳይገጥም ይከላከላል። ከላይ የሚሆነው መከለያ ደግሞ እጅን ከጥርስ ይለያል።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድተው በየዓመቱ የሚታከሙት ሰዎች ወደ 30,000 እንደሚጠጉ የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ገምቷል። ከዚህ የተነሣ ስቲቭ ጋስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 የሰው ቆዳ ሲነካው በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ የሚቆም መጋዝ ፈለሰፈ። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በመጋዙ ላይ ያለው ደካማ ምልክት ይለወጣል፤ ወዲያውም የአሉሚኒየም ፍሬን ተፈናጥሮ ጥርሱን ይነክሳል። እንዲህ ያለው ማሽን ከማኅበሩ አቅም በላይ ነበር። ሆኖም ምላሱና መከለያው ከአቅም በላይ አልነበሩም።

ሽማግሌው አናጢ ግን አልተቀበሉትም። «እኔ 40 ዓመት በመጋዝ ሠርቻለሁ፤ ጣቶቼ ይኸው ሙሉ ናቸው» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እጅ የሚቆርጠው መጋዙ ሳይሆን ችኮላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መከለያማ እንጨቱን ይጋርዳል፤ ሠራተኛውም ሁለት ቀን አይታገሠውም፤ ፈትቶ ይጥለዋል።»

ልጁ እስከዚያች ሰዓት አልተናገረም ነበር። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ቸኩዬ ነበር። የቸኮልሁት ግን በማግሥቱ ጠዋት የሚጫኑ ዴስኮች ስለ ነበሩ ነው። ከእንግዲህም በዚህ ቤት የሚያስቸኩል ትእዛዝ ይመጣል፤ ይምጣልንም። ሰው በየቀኑ አይጠነቀቅም። መከለያው ግን በየቀኑ አለ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሁለቱ በየትኛው ላይ ልጅዎን ያሠሩበታል?»

ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ዝቅ ብለው መሬት መሬት አዩ፤ ከዚያም «ልጄንስ በአዲሱ ነው» አሉ። ቀጥለውም ማንም ሰው መከለያውን ፈትቶ ቢገኝ ያን ቀን በመጋዙ እንዳይሠራ ደንብ ይውጣ ሲሉ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። በእኔ አስተያየት በዚያ ስብሰባ ከተነገረው ሁሉ የበለጠው ይህ ነው። ያልተስማሙበትን ነገር ከመቀበል አልፈው የሚጸናበትን መንገድ አመልክተዋልና።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነበር። ርካሽና ውድ የሚባለው በመግዣው ቀን ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ማሽን 60,000 ብር ተገዝቶ 3 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 20,000 ብር ያስከፍላል። ሌላው 120,000 ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ቢያገለግል በዓመት የሚያስከፍለው 12,000 ብር ነው። በዚህ ላይ ሥራ የሚፈታበት ቀንና የሕክምና ወጪ ሲታሰብ ልዩነቱ ይሰፋል። የጣት ዋጋ ግን በየትኛውም ረድፍ አይጻፍም።

ይሁንና ስሌት ኪስ አይሞላም። በአገራችን የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደ ሲሆን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። በዚህ አሠራር አንድ የፋይናንስ ድርጅት ማሽኑን ይገዛና ለሠራተኛው በኪራይ ያስረክበዋል፤ ሠራተኛውም ሠርቶ ቀስ በቀስ ይከፍላል። በአማራ ክልል ዋልያ የተባለው የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅት የተቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ማኅበሩ ይህን መንገድ ተመልክቶ ተከራከረበት። በመጨረሻ ግን ከቁጠባው ገሚሱን፣ ከየአባላቱ መዋጮ ገሚሱን አድርጎ ራሱ ለመግዛት ወሰነ። ምክንያቱም ክረምት ነበር፤ በክረምት ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ወርኃዊ ክፍያ ግን ክረምትና በጋ አይለይም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን ፈሩ። ሌላ ማኅበር፣ ሌላ ወቅት ቢሆን ተቃራኒው ውሳኔ ትክክል ሊሆን ይችል ነበር።

ውሳኔው ሁሉንም አላስደሰተም፤ ያላስደሰተበትንም መናገር ተገቢ ነው። መላጊያ ያለው ኮምባይን ስለ ቀረ በር ሠሪዎቹ ለሁለት ዓመት ያህል ጣውላቸውን በእጅ ላጉ። ሰሌዳ ሠሪው ወጣት መዋጮውን ከከፈለ ከጥቂት ወራት በኋላ ከማኅበሩ ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ማኅበሩ አልበደለውም፤ እርሱም ማኅበሩን አልበደለም። የእርሱ ሥራ ሌላ መሣሪያ ይፈልግ ነበር። የጋራ ዕቃ የሁሉንም ፍላጎት ይሞላል ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ሐሰት ይናገራል። ትክክለኛው ተስፋ የማንንም ፍላጎት ሳይሰሙ አለመወሰን ነው።

አዲሱ መጋዝ ከተተከለ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሥራ ተሠራ። ብናኙን ወደ ውጭ የሚወስድ ቱቦና ማራገቢያ ተገጠመ። የእንጨት ብናኝ ሠራተኛን ከማሳል አልፎ ለካንሰር የሚያጋልጥ መሆኑን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 አስታውቋል። ይህ ወጪ በመጀመሪያው ዕቅድ አልነበረም። ጣት የሚቆርጠው አደጋ በዐይን ይታያል፤ ሳንባ የሚጎዳው ግን በዝምታ ይሠራል። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ የሚታየውን ከተከላከሉ በኋላ የማይታየውን መጠየቃቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር በእጅጉ ወርዷል። ከውጭ የሚመጣ ማሽንና መለዋወጫም ከቀድሞው የበለጠ ብር ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚመርጡ ሰዎች ርካሹን አንሥቶ የመሮጥ ፈተና ይበረታባቸዋል። በአንጻሩ አንድ የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከትለው ኪሣራ እንደዚሁ ይከብዳል። ስለዚህ አራቱ ጥያቄዎች ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋሉ እንጂ አልተሻሩም።

ይህን ድርሰት የምታነቡ ተማሪዎች ምናልባት መጋዝ አትገዙ ይሆናል። ነገር ግን በክበባችሁ ኳስ፣ በቤተ ሙከራችሁ ማይክሮስኮፕ፣ በመንደራችሁ የውኃ ፓምፕ ወይም ወፍጮ የሚመረጥበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን ድምፁ የጎላው ሰው፣ በዕድሜ የገፋው ሰው ወይም አዲስ ነገር ያየው ሰው ቀድሞ ይናገራል። ይናገር፤ ከእያንዳንዱ የሚገኝ እውነት አለ። ሽማግሌው ስለ ጥገና፣ ወጣቷ ስለ ልክ፣ ሰሌዳ ሠሪውም ወደፊት ስለሚመጣው ሥራ የተናገሩት ትክክል ነበር። ነገር ግን ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት ዞር ብላችሁ ያልተናገረውን ሰው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አሮጌው ዕቃ ያስከፈለውን ዋጋ የሚያውቀው እርሱ ነው።